«ቁጭ ብለው ይረፉ» አልኳቸው

ዘንድሮ በር ላይ ቆሜ ከተቆጣኋቸው አርፋጆች አንዱን አልረሳውም። የአራተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ሸሚዙ አለቦታው ተቆልፎ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ወላጅ እንዲያመጣ አዘዝኩት። እናቱ መጡ፤ ጣቶቻቸው አብጠዋል። «ጠዋት እጄ አይታጠፍልኝም። ቁልፍ መቆለፍ ቀርቶ ክብሪት መጫር ያቅተኛል። እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል» አሉኝ። ሐኪም ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑን ነግሯቸዋል። አፈርኩ፤ ቅጣቱንም አነሳሁ። ከዚያ አዋቂ ነኝና ምክር ጨመርኩ፦ «እንግዲህ አይድከሙ፤ ቁጭ ብለው ይረፉ።»

ምክሬ ስሕተት ነበር። ይህን የምጽፈውም እሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።

እኛ ዘንድ ቁርጥማት ሁሉ የብርድ ነው። ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ እየነደደች እንኳ «የቬንትሌተር ንፋስ ነው የመታሽ» እንላለን። ይህኛው ግን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ሕመሙ በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ነበረባቸው፤ ከመቶ 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹን ከሕመሙ እኩል የሚያማርራቸው ድካሙ ነው፤ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። ብግነቱ፣ የተቆራረጠው እንቅልፍ፣ የደም ማነሱ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ይጨመሩበታል። መቀመጥ ሲበዛ ደግሞ ጡንቻ ይሰልላል፤ ያኔ ትንሿ ሥራ ተራራ ትሆናለች።

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ለማንኛውም አዋቂ የሚመከረው እንቅስቃሴ፣ ማለትም በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ለእነዚህም ሕሙማን እንደሚሆን ገልጿል። ድካሙን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ያቀለዋል። መድኃኒቱንም አይተካም። ከሐኪም ጋር ተማክሮ በ10 ደቂቃ መጀመር ይቻላል፤ ሕመሙ በሚነሳበት ሰሞን ይቀነሳል እንጂ አይተውም።

«የቤቱ ሥራ አይበቃም ወይ?» ያሉኝ እናቶች አሉ። ልብስ ማጠብና ሊጥ ማቡካት የሚያደክሙት ያንኑ ያበጠ እጅ ነው፤ እግርና ልብ ድርሻቸውን አያገኙም።

ታዲያ ሃያብለ ላይ የት ይራመዱ? ጠዋት ሰውነት አልተፍታታም። ቀን ፀሐዩ አያስወጣም፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ካምሲን አቧራውን ይዞ ይመጣል። ሲመሽ መንገዱ ድንጋይና ጨለማ ነው። የእኛ ሜዳ ግን ደልዳላ ነው፣ መብራት አለው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሰው የለበትም። በሳምንት ሦስት ምሽት ለአንድ ሰዓት በሩ ለወላጆች ይከፈት እላለሁ። «ትምህርት ቤት የስፖርት ክበብ አይደለም» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ የጥበቃውም ጣጣ እውነት ነው። ቢሆንም የእናትየው ድካም ከልጁ ጋር በየጠዋቱ በራችን ድረስ እየመጣ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። ለማርፈድ ያወጣነውን ደንብም እናስተካክል፦ ከቅጣቱ በፊት «ምን ገጠመህ?» ይቅደም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ «ደክሞኛል» ሲሉ ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት። ጀሪካኑን እናንተ አንሱ፤ ሲመሽ ደግሞ አብራችኋቸው ውጡ።

ያ ልጅ አሁንም አንዳንድ ቀን ያረፍዳል። ሸሚዙን ግን ራሱ ነው የሚቆልፈው፤ አልፎ አልፎ አለቦታው።