«ይለመዳል» የሚባለው ፒክአፕ

ከአውቶሞቢል ወርዶ ደብል ጋቢና ፒክአፕ መንዳት የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሲያማርር የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ይለመዳል»። ደላላው ይለዋል። የመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊ ይለዋል። መካኒኩም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይለዋል። ከገርጂ ተነስቶ በጃክሮስ በኩል ጎሮ እስኪደርስ እንደ እርጎ ቅል የተናጠው ሰው ሰምቶ ዝም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? መኪናው ውድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የተከበረ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ያው ወገቡ ነው።

ይህ ቃል ግን እንዲሁ መታለፍ የለበትም። ጠዋት መገናኛ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ ከኋላቸው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ ያልጫኑ ፒክአፖች ተሰልፈው ማየት ብርቅ አይደለም። ከአያትና ከሲኤምሲ፣ ከሰሚት፣ ከቦሌ አራብሳ ወደ ቦሌ ይገባሉ፤ ማታ እንዲሁ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ። የሚያመላልሱት ሰው፣ ላፕቶፕና አንዳንዴም የተማሪ ቦርሳ ነው። ለዚህ ሥራ ያልተሠራ መኪና ለዚህ ሥራ ተገዝቶ ሲያንገጫግጭ፣ «ልመደው» የሚባለው ውስጡ የተቀመጠው ሰው መሆኑ ነው የነገሩ ዋና ጉድ።

ነገሩ ከባሌስትራው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ዛሬ በከተማው የሚታዩት ሞዴሎቹ ከፊት በሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ የቆሙ ናቸው። ወንድሙ ላንድ ክሩዘር 79ም እንዲሁ ነው፤ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ተደራራቢ ብረት። እነዚህ መኪኖች 1 ቶን ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ኩንታል ያህል ጭነው ዳገት ቁልቁለት እንዲሄዱ የታሰቡ ናቸው። ባሌስትራው የጠነከረው ያ ሁሉ ጭነት ሲያርፍበት የመኪናው ኋላ እንዳይዘቀዝቅ፣ ሻንሲው ከአክስሉ ጋር እንዳይላተም ነው። ጭነቱ ሲነሳ ጥንካሬው አብሮ አይነሳም። የ10 ኩንታል ሚዛን ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡበት አይነቃነቅም፤ ባዶ ፒክአፕ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎችም ለዚያ ባሌስትራ ከእንቁላል ብዙም አይሻሉም።

በዚህ ላይ የባሌስትራው ንጣፎች እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ትልቅ ጉድጓድ ሲመጣ ንጣፎቹ ተንሸራተው ይተጣጠፋሉ፤ ትናንሽ ጉብታ ሲሆን ግን ፍትጊያው ራሱ ይይዛቸውና ባሌስትራው እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናል። የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ፒክአፕ የሚያንቀጠቅጠው ለዚህ ነው፤ ጉድጓድ የለም፣ መኪናው ግን እንገጭ እንገጭ ማለቱን አያቆምም። የኋላው አክስል ደግሞ ወጥ ስለሆነ የግራው ጎማ የረገጠው ድንጋይ ቀኙንም ያነሳዋል። የቤት አውቶሞቢል አካል በሰከንድ አንዴ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ብሎ በዝግታ ይወዛወዛል። ባዶው የጭነት መኪና ከዚያ ይፈጥናል። የተቀመጠ ሰው አካል ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ንዝረት ይበልጥ ስስ የሚሆነው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ባለው ክልል ነው። መኪናው በጠነከረ ቁጥር ንዝረቱ ወደዚያ ይጠጋል ማለት ነው። ወገብ ይህን አይለምድም። የሚለምደው አፍ ነው፤ ማማረር ይሰለቸዋል።

ሌላው ዓለም ጉዳዩን በ«ይለመዳል» አላለፈውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛ በመላ አካሉ ላይ የሚደርስበትን ንዝረት በቁጥር ገድቦታል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ተሰልቶ 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ካለፈ አሠሪው እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት፤ ከ1.15 በላይ ሠራተኛው መጋለጥ የለበትም። እርምጃ የሚባሉትም ተዘርዝረዋል፤ ንዝረት የሚቀንስ ወንበር፣ የመኪና ጥገና፣ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ በቂ እረፍት። ከቦሌ አያት በፒክአፕ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ይህን ልክ ያልፋል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ላይ የሚውል የመሥሪያ ቤት ሾፌር ጉዳይ ሌላ ነው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሾፌር ወገቡን ሲያመው ግን የሚሰጠው ምክር ትራስ ደገፍ እንዲያደርግ ነው።

እንግዲህ «ይለመዳል» ያልበቃው ሰው ወደ ጋራዥ ይሄዳል። እዚያ የሚሰጠው መድኃኒት ከበሽታው የሚብስበት ጊዜ አለ።

ቀላሉና ነፃው መፍትሔ የጎማ ንፋስ ነው። በሾፌሩ በር መቃን አካባቢ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ለጎማው ምን ያህል ንፋስ እንደሚበቃ ይነግራል፤ በብዙ ፒክአፖች ላይ የባዶውና የጭነቱ ለየብቻ ተጽፏል። ስንቱ ጎሚስታ ነው ያንን ወረቀት ጎንበስ ብሎ የሚያየው? አራቱንም ጎማ እኩል ወጥሮ «ንፋሱ ሙሉ ነው» ብሎ ይሸኛል። ባዶ መኪና የጭነት ንፋስ ተሞልቶለት ኮብልስቶን ላይ ሲንጣጣ ታዲያ ባለቤቱ ባሌስትራውን ይረግማል። ከወረቀቱ በታች ማውረድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የጎማው ጎን ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ረጅም መንገድ ላይ ይፈነዳል።

አደገኛው «ባሌስትራ ማስቀነስ» የሚባለው ነው። ከንጣፎቹ አንዱን ወይም ሁለቱን አውጥቶ መጣል። መኪናው ይለሰልሳል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። የማይነገረው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው ሻንሲው ከአክስሉ ምን ያህል እንደራቀ እየለካ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት መመጠን ነው። ኋላው ዝቅ ሲል «ተጭኗል» ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ባሌስትራው የተቀነሰበት መኪና ባዶውን ይዘቀዝቃል። ቫልቩም ይታለላል። ባዶ ለሆነው ኋላ የጭነት ፍሬን ይልክለታል። በሐምሌ ዝናብ አስፋልቱ ውኃ ሲይዝ፣ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሲወርዱ ድንገት ፍሬን ቢረገጥ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆልፋል፤ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይዞራል። ከዚያ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ የሚጽፈው «ከፍጥነት በላይ» ነው። የተጣለው ብረት ጋራዡ ጥግ ቆሞ ይቀራል።

አንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ሁለት ሦስት ጆንያ አሸዋ ይጥላል። ሐሳቡ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ለመኪናው የጎደለው ክብደት ነውና። ግን ያልታሰረ ጆንያ ጠምዘዝ ሲሉ ይንሸራተታል፤ በዝናብም ጭቃ ይሆናል። ለማሳመር ብለው መኪናውን ከፍ የሚያስደርጉትን፣ ጠንካራ አሞርዛተር የሚያስገቡትን መጥቀስም ይቻል ነበር፤ እነሱ ግን ምቾት ፈልገው ስላልሆነ ይለፉ።

ከብረቱ ወደ ወንበሩ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይመራል። በደብል ጋቢና ፒክአፕ ውስጥ ለኋላው አክስል ቅርብ የሆነው የኋላ ወንበር ነው፤ ጀርባውም ቀጥ ያለ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ማን ነው? ጀማሪዋ ባለሙያ፣ መረጃ ሰብሳቢው፣ ጉልበቱን ከፊት ወንበር ጋር አጋጭቶ የሚሄደው የመስክ ረዳት። ኃላፊው ወይ ከፊት ነው፣ ወይ ጭራሽ በሌላ መኪና ነው። ያ ሌላ መኪና «ቪ8» ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተመረተው ላንድ ክሩዘር 200 ከፊትም ከኋላም በሞላ የቆመ ነው። ሁለቱ መኪኖች ከአንድ ግቢ ወጥተው፣ በአንድ አስፋልት ሄደው፣ አንድ ስብሰባ ይደርሳሉ። አንዱ ውስጥ ሰው እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሌላው ውስጥ ሰው እጀታ ጨብጦ መጥቷል። የፒክአፕ ግዥ የሚፈርመው እንቅልፍ የወሰደው ነው። ባሌስትራ ምን እንደሚሠራ ቢያውቅ እንኳ በሪፖርት ነው የሚያውቀው።

«መንገዳችን ስለማይመች ነው ፒክአፕ የምንገዛው» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ እውነት ነው። አራብሳ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ፣ ከጎሮ ወደ ኋላ ያልተነጠፈ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ይሁንና ከፍታና ድርቀት አንድ አይደሉም። ከመሬት ከፍ ብለው ከኋላ በሞላ የሚሄዱ መኪኖች ሞልተዋል። ዋናው መንገድማ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ተሠርቷል፤ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው አስፋልት ለጭነት ባሌስትራ ሰበብ አይሆንም። እዚያ ላይ ፒክአፕ ከተንጣጣ የሚንጣጣው ባዶ ስለሆነ ነው።

መንገድን በተመለከተ ሊነሳ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ አካል ተቀጥቅጦለት የተሠራውን «ቅጥቅጥ» ተሳፍሮ ከላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን የሚሄደው። ያ ሰው መኪና አልመረጠም፤ የተገኘውን ነው የተሳፈረው። ግን ቅጥቅጡ ቢያንስ ይሞላል። ሰውም፣ እህልም፣ ዶሮም ይጫንበታልና ባሌስትራው ለተፈጠረለት ሥራ ይውላል። የቦሌው ፒክአፕ ይህንንም አላገኘም።

ታዲያ ለምን ይገዛል? አንዱ ምክንያት መኪና በዚህ ከተማ የባንክ ደብተር መሆኑ ነው። ፒክአፕ ሲሸጥ ዋጋው አይወድቅም ይባላል፤ ስለዚህ የሚነዳው ለወደፊት ገዢው እንጂ ለዛሬ ነጂው አይደለም። ሌላው የከቀረጥ ነፃ ታሪክ ነው። ለእርሻ፣ ለግንባታ ተብሎ የገባ ፒክአፕ ካፌ በር ላይ ሲቆም የቦሌ ሰው አይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ይፋ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ፒክአፕ ያለው ሰው ከመልቀቅ ይልቅ ማቆየት ይቀናዋል። ጎረቤቱ በፎልክስዋገን አይዲ 4 ወይም በቢዋይዲ ድምፅ ሳያሰማ ሲወጣ፣ እሱ ባሌስትራውን እያንቋቋ ይከተላል። ኩራቱ ግን እንዳለ ነው፤ «የእኔ የትም ይገባል» ይላል። የትም አይሄድም እንጂ ቢሄድ እውነቱን ነበር።

ፒክአፕ ይጥፋ የሚል የለም። አፋር የሚወርድ የክትባት ቡድን፣ ባሌ ተራራ የሚወጣ የደን ባለሙያ፣ ከቃሊቲ ብረት ጭኖ ሰሚት ግንባታ ቦታ የሚያደርስ ተቋራጭ ያስፈልጋቸዋል፤ እነሱ ዘንድ መኪናው ራሱ ይለሰልሳል፣ ጭነት አለበትና። ባዶውን መንዳት የግድ የሆነበት ሰው ንፋሱን በወረቀቱ ልክ ያስተካክል፣ ባሌስትራው አይነካ፣ ያረጀ አሞርዛተር ይቀየር፣ የሚጫን ነገር ካለ ከጋቢናው ተጠግቶ በደንብ ይታሰር፣ ጉብታ ላይ ቀስ ይበል። ከዚህ በላይ የሚያለሰልስ ጥበብ አለኝ የሚል ጋራዥ ፍሬኑንም አብሮ እያለሰለሰ ነው።

የከተማ ሥራ ብቻ ያለበት መሥሪያ ቤት ግን ለቀጣዩ ዓመት ግዥ ዝርዝር መሥፈርት ሲያዘጋጅ፣ ከ«ደብል ጋቢና ፒክአፕ» በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ። የስምሪት ቅጹ ላይ ታርጋ ይጻፋል፣ የሾፌር ስም ይጻፋል፣ መነሻና መድረሻ፣ ኪሎ ሜትርና ናፍጣ ይጻፋል። «ምን ተጫነ?» የሚል ዓምድ የለም። ይህ ዓምድ ይጨመርና ለሦስት ወር ይሞላ። ከዚያ ቅጹ ከነዳጅ ሒሳቡ ጎን ይቀመጥና ፈራሚው ኃላፊ፣ ከተቻለ በፒክአፑ የኋላ ወንበር ላይ ከመገናኛ እስከ አያት ተቀምጦ፣ ያንብበው።