ትምህርት ቤት ርስት ነውን?

በአሜሪካ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚባሉ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች አሉ። ወደ እነርሱ ለመግባት የሚሻው ሰው ብዙ ነው፤ ስፍራው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መራጮቹ የእያንዳንዱን ልጅ የፈተና ውጤት ይመረምራሉ፤ የመምህራኑንም ምስክርነት ያነባሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ይኸውም፦ አባትህ ወይም እናትህ ከዚህ ተምረዋልን? የሚል ነው። አዎን የሚለው ልጅ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይገባል።

ሀርቫርድ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ላይ የተነሣው ክርክር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በፍርድ ቤት በተሰማ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው ከዚያ ከተማሩት 100 አመልካቾች 33 ያህሉ እንደ ገቡ፥ ከሌሎቹ 100 ግን የገቡት 6 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ታወቀ። እርግጥ ነው፥ የተማረ ሰው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤቱ መጽሐፍ ስለሚያገኝ በትምህርቱ ሊበረታ ይችላል። እንግዲያስ በገዛ ውጤቱ ይግባ፤ ሁለተኛ በር ለምን ያስፈልገዋል? ይህ አጥንት መቁጠር ነው። እርሻ ርስት ነውና አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ እውቀት ግን አይወረስም። የነቢዩ የሳሙኤል ልጆች እንኳ በአባታቸው መንገድ አልሄዱም።

የዚህ ልማድ ጠበቆች፦ የቀድሞ ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ልጆቻቸው ባይገቡ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ድሃውም የሚማረው በዚያው ገንዘብ ነው ይላሉ። ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የልጁን ስፍራ አስቦ የሚሰጥ ሰው ገዛ እንጂ መቼ ሰጠ? ደግሞም ጆንስ ሆፕኪንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ይህን ልማድ በ2014 ተወ፤ ከ4 ዓመትም በኋላ የቀድሞ ተማሪው ማይክል ብሉምበርግ ገንዘብ ያነሳቸው ልጆች እንዲማሩበት 1,800,000,000 ዶላር ሰጠው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አባቶቻቸው ከትምህርት የተከለከሉባቸው ልጆች ነገር ነው። የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ በ1935 አሊስ ጃክሰን የተባለችውን ወጣት ስለ ጥቁርነቷ አልቀበልም አላት። ግሪጎሪ ስዋንሰን የተባለው ጥቁር ሰው የገባው በ1950 ነው፤ እርሱም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በዚያ ዘመን ነጩ ተምሮ ወጣ፤ ጥቁሩም ከደጅ ተመለሰ። ዘመኑ ካለፈ በኋላ የሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን በዚያው ደጅ ቆመው፥ አባታችሁ ከዚህ ተምሮአልን? ተብለው ቢጠየቁ፥ የጥቁሩ ልጅ ምን ይመልሳል? አባቱ ሰነፍ አልነበረም፤ እርሱም አልሰነፈም። ጥያቄው ግን በአባቱ ላይ የተዘጋውን በር በእርሱም ላይ ያጠብበታል።

የቨርጂንያ ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ፥ የወላጅ በዚያ መማር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ እንዳይቆጠር ከለከለ። ሕጉ የግል ትምህርት ቤቶችን አይነካም፤ በእነዚያ ዘንድ ነገሩ ለአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ ተትቶአል።