«ሲስተም የለም»፦ የማዘመን ሥራ ሲሰናከል ዋጋውን ማን ይከፍላል?

ደባርቅ፦ ከጃን አሞራ ወይም ከበየዳ ተነሥቶ ደባርቅ የሚደርስ አርሶ አደር ወደ ባንክ የሚገባው ቁርጥ ያለ ጉዳይ ይዞ ነው። የበግ ወይም የገብስ ሽያጩን ሊያስቀምጥ፣ ለማዳበሪያ የሚከፍለውን ሊያወጣ፣ አሊያም ልጁ ከሌላ ከተማ የላከለትን ሊቀበል ይመጣል። በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጠው የሚዘገይበት ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ቀኑም አብሮ ይባክናል። የከተማው ነዋሪ ነገ ማለዳ ተመልሶ ሊሰለፍ ይችላል። ለደጋው ሰው ግን «ነገ ይምጡ» ማለት ሌላ ጉዞ፣ ሌላ የትራንስፖርት ወጪ፣ ሌላ የማደሪያ ሐሳብ ማለት ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው አጭር መልስ ብዙ ምክንያቶችን ይሸፍናል። መብራት ተቋርጦ፣ የኔትወርክ መስመር ተበጥሶ ወይም ማሽን ተበላሽቶ ሊኾን ይችላል። ብዙም የማይነገርለት ምክንያት ግን ሥርዓቱን ለማሻሻል ታስቦ የሚደረገው የማዘመን ሥራ ራሱ የሚያስከትለው መሰናክል ነው። በተለምዶ «አፕዴት» የሚባለው ይህ ሥራ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍን በመኾኑ ሊታለፍ አይገባም። በጥድፊያና ያለ ዝግጅት ሲከናወን ግን ትናንት ይሠራ የነበረውን ሰርቨር ዛሬ ሊያቆመው፣ ከዚያም ሲከፋ በተሳሳተ መንገድ እንዲሠራ ሊያደርገው ይችላል።

የመጋቢት 2016 ትምህርት

በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ መሰናክል በጉልህ የታየው ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ ነው። ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች ባሉት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ክፍተት ተፈጠረ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ፤ በየግቢው ባሉ የኤቲኤም ማሽኖች ፊት ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መኾኑን አስታውቋል። ንግድ ባንክም ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመኾኑንና የደንበኞች ተቀማጭ ገንዘብ እንዳልተነካ ገልጿል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ የወሰዱትን በፈቃዳቸው የሚመልሱ ሰዎች በወንጀል እንደማይጠየቁ ተናግረዋል። ባንኩ እንዳለው ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲኾን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሷል። ባልመለሱት ላይ ግን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በቅርንጫፎች ደጃፍ እስከ መለጠፍ ደርሷል።

በወቅቱ የሕዝቡ መነጋገሪያ የኾነው የገንዘቡ መጠንና የተማሪዎቹ ድርጊት ነበር። ከቴክኒክ አንጻር ግን ዋናው ትምህርት ሌላ ነው። አንድ ሥርዓት ሲታወክ ሁለት ዓይነት ባሕርይ ሊያሳይ ይችላል፦ ወይ ይቆማል፣ ወይ ያለ ቁጥጥር ይቀጥላል። የጎተራ ጠባቂ የመዝገብ ደብተሩ ቢጠፋበት ደብተሩ እስኪገኝ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ወይም የመጣው ሁሉ የፈለገውን እንዲሰፍር ሊተው ይችላል። መዝጋቱ ያስቆጣል፤ መተዉ ግን ያከስራል። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት የደንበኛውን ቀሪ ሒሳብ ማረጋገጥ ካልቻለ በሩን እንዲዘጋ ኾኖ መሠራት አለበት። ይህም መረጋገጥ ያለበት ማዘመኛው ከመጫኑ በፊት እንጂ ሰልፉ ከረዘመ በኋላ አይደለም።

በ78 ደቂቃ የተሠራ ስሕተት

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም የአሜሪካው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ክራውድስትራይክ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ጉድለት ያለበት ማዘመኛ ለደንበኞቹ ላከ። ኩባንያው ስሕተቱን ያረመው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ግን፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ በዊንዶውስ የሚሠሩ 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተናጉ። በዓለም ዙሪያ በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ።

ስሕተቱ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ታርሞ ሳለ ጥገናው ለምን ቀናት ፈጀ? የተናጋው ኮምፒውተር መነሣት ስላልቻለ እርማቱን በራሱ መቀበል አልቻለም። በአብዛኛው ባለሙያ በየማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ በጥንቃቄ ሁኔታ አስነሥቶ፣ ጉድለት ያለበትን ፋይል በእጁ ማጥፋት ነበረበት። አንድ ቴክኒሻን ለብዙ ጽሕፈት ቤቶች በሚሠራበት ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ ምን ሊኾን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አርሶ አደር አዲስ ዘር ሲያገኝ ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አይዘራበትም፤ በጥቂት መደብ ይሞክረዋል፣ አበቃቀሉንም ያያል። የማዘመን ሥራም ይህንኑ ይጠይቃል። በቅድሚያ ለሙከራ በተለየ ማሽን፣ ቀጥሎ በጥቂት ቅርንጫፎች፣ በመጨረሻ በሁሉም ላይ መጫን አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ክራውድስትራይክም ከአደጋው በኋላ መሰል ማዘመኛዎችን በደረጃ እንደሚለቅ አስታውቋል።

ጥገናው ከየት ይጀምራል?

ማዘመኛ ከተጫነ በኋላ ሰርቨር እምቢ ሲል የሚታየው የተለመደ ስሕተት ማሽኑን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ነው። ይህ ሥራውን ከማጓተቱም በላይ ያልተጠናቀቀ ጽሕፈትን ሊያበላሽ ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተለወጠ? መቼስ ተለወጠ?» የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው «ሎግ» በሚባለው የማሽኑ መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያም መፈለግ ያለበት በመጨረሻ የተጻፈው የስሕተት መልእክት ሳይኾን ከማዘመኑ በኋላ መጀመሪያ የታየው ነው። ተከታዮቹ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ውጤት ናቸውና።

ከዚያ በኋላ ቀላል የሚመስሉት ይፈተሻሉ። ዲስኩ ሞልቶ ሊኾን ይችላል። ማሽኑ ሲነሣ አብሮ መነሣት የነበረበት የመረጃ ቋት ሳይነሣ ቀርቶ ይኾናል። የኔትወርክ አድራሻው ወይም የፋየርዎል ደንቡ ተቀይሮ ሊገኝም ይችላል። የሰዓት ጉዳይም አለ። ማሽኖች በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚሠሩ በእኛ 3 ሰዓት ለእነርሱ 9 ሰዓት ነው። በእጅ ሲስተካከል በዚህ የተሳሳተ ሰርቨር ተጠቃሚዎችን አላስገባም ሊል ይችላል፤ በዊንዶውስ የመግቢያ ሥርዓት የ5 ደቂቃ ልዩነት እንኳ በመደበኛው ቅንብር ለመከልከል በቂ ነው። ሌላው የተለመደ ምክንያት አለመጣጣም ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ታድሶ በላዩ የሚሠራው ፕሮግራም አሮጌ ኾኖ ሲቀር ሁለቱ አይግባቡም።

ይህ ሁሉ በተወሰነለት ጊዜ መፍትሔ ካላስገኘ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ሽንፈት አይደለም። መመለስ የሚቻለው ግን መመለሻ ሲኖር ነው። ከማዘመኑ በፊት የተወሰደ፣ በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ መሥራቱ የተረጋገጠ መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ የቀረው ተስፋ ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ ቅጂ ዋስትና አይኾንም።

ከገንዘብ የሚበልጥ መዝገብ

ጉዳዩ የባንክ ብቻ አይደለም። ደባርቅ የዞን ከተማና የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሕሙማን ካርድ ወደ ኮምፒውተር በገቡ ቁጥር በሰርቨር ደኅንነት ላይ የሚመሠረተው ኑሮ ይበዛል። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ከ20 ዓመታት በላይ ሲመዘግብ ቆይቷል። ባንክ የጎደለውን ብር አስመልሶ ሊተካ ይችላል። የዛሬ 15 ዓመት የተጠየቀችን እናት መልስ ግን ዛሬ ደግሞ ጠይቆ መተካት አይቻልም። እንዲህ ያለ መዝገብ ከአንድ በላይ በኾነ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥም በዚህ ላይ ይታከላል። በማዘመን መሐል መብራት ቢጠፋ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በግማሽ አሮጌ፣ በግማሽ አዲስ ኾኖ ሊቀር ይችላል። ስለኾነም ቻርጅ የያዘ ዩፒኤስ ሳይኖር የተጀመረ የማዘመን ሥራ ዕድልን የመፈተን ያህል ነው። ጊዜውም ሊመረጥ ይገባል። የደመወዝ ሰሞን፣ የገበያ ዋዜማና የማዳበሪያ ክፍያ ወቅት ሰርቨር የሚነካባቸው ቀናት አይደሉም።

ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በእንግሊዝ ቲኤስቢ የተባለው ባንክ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም ደንበኞቹን ወደ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያዛውር ብዙ ሰዎች ሒሳባቸውን መክፈት ተሳናቸው። ባንኩ ለተጎዱ ደንበኞች 32 ነጥብ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ፤ ተቆጣጣሪዎችም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም 48 ነጥብ 65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። የቅጣቱ መሠረት ባንኩ ለለውጡ በበቂ ሁኔታ አለመዘጋጀቱ ነበር።

በመጋቢት 2016ቱ ክስተት ዋናው የሕዝብ ክርክር ያተኮረው ገንዘብ በወሰዱት ላይ ነበር። ያለአግባብ የተወሰደ ገንዘብ መመለሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት ሳንቲም ሳይወስድ የራሱን ገንዘብ ለማግኘት የተቸገረው ደንበኛ የከፈለው ዋጋም በሒሳቡ ሊገባ ይገባ ነበር። የማዘመን ሥራ አስቀድሞ በታወቀ ሰዓት እንዲከናወን፣ ለደንበኞች በጽሑፍ መልእክትና በሬዲዮ እንዲነገር፣ መሰናክል ሲደርስም አገልግሎቱ መቼ እንደሚመለስ በግልጽ እንዲገለጽ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ደንበኛውም የሚያደርገው አለ። የከፈለበትንና የተቀበለበትን ደረሰኝ ወይም የስልክ መልእክት ማስቀመጥ፣ ክፍያው መድረሱ ሳይረጋገጥ ደግሞ አለመላክ፣ በሒሳቡ ላይ የማያውቀው ገንዘብ ሲያይም ሳይነካ ለባንኩ ማሳወቅ ይበጀዋል። የምሥጢር ቁጥሩን «ሲስተሙን ላስተካክልልዎ» ብሎ ለሚደውል ማንም ሰው መስጠት የለበትም፤ አጭበርባሪዎች እንዲህ ያለውን ግርግር ይጠቀሙበታልና።

ሰርቨር ነገም ይታደሳል፤ መታደስም አለበት። ከጃን አሞራ የመጣው አርሶ አደር የሰርቨሩን አሠራር ማወቅ አይጠበቅበትም። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ተቋም ግን «ሲስተም የለም» ከማለቱ በፊት የሠራውን ዝግጅት፣ ካለ በኋላም የሚመለስበትን ሰዓት ሊነግረው ይገባል።