ርካሽ ካርድ፣ ውድ ላቦራቶሪ

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒክ የከፈተ ሐኪም ቶሎ የሚማረው ነገር ቢኖር ታካሚ የሚያወዳድረው የካርድ ዋጋ መሆኑን ነው። «ካርድ ስንት ነው?» ይባላል ገና ከበሩ፤ ዋጋው ከበዛበት፣ ታካሚው መንገድ ተሻግሮ ሌላው ጋ ይገባል። ባለቤቱም ካርዱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ሐኪሙ ጠይቆ፣ ዳብሶ፣ አዳምጦ፣ አስቦ የሚደርስበት ውሳኔ፣ የቀጠሮው ምክር ሳይቀር፣ የሚታሰበው በዚያች ካርድ ነው። ኪራዩን፣ የነርሶቹን ደመወዝና የጄኔሬተሩን ናፍጣ የሚሸፍነው ላቦራቶሪውና አልትራሳውንዱ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ አሠራር ነው። አብዛኛው ሐኪም ለገንዘብ ብሎ ምርመራ አያዝም፤ ይህን አምናለሁ። ግን የኪራይ ቀን ሲደርስ «ለማንኛውም ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ይሠራ» ማለት ይቀላል። ከታዘዘው ምርመራ ፐርሰንት የሚታሰብለት ሐኪም ከሆነማ ፈተናው ወር መጨረሻን አይጠብቅም።

ላቦራቶሪውም ቢሆን ከውጭ እንደሚታየው የትርፍ ምንጭ ብቻ አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ ባለሙያው ማሽኑን አስነስቶ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና፣ ያስገባል፤ ውጤቱ ከተፈቀደው ክልል ከወጣ ይደግማል። በዚህ ለሚያልቀው ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ማንም አይከፍልም። በቀን አምስት ሰው የሚመረመርበትም ሃምሳ ሰው የሚመረመርበትም ቤት ኮንትሮሉን መሥራት አለበት። የሪኤጀንቱ ጠርሙስ አንዴ ከተከፈተ የአገልግሎት ጊዜው ያጥራል፤ ታካሚ ካነሰ የተረፈው ይደፋል። ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ከአምራቻቸው ሪኤጀንት ውጪ አይቀበሉም፤ አስመጪው ዋጋ ሲጨምር የሚሄዱበት ሌላ በር የለም። አስመጪው የሚገዛው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ሕክምና ከቫት ነፃ በመሆኑም ክሊኒኩ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት አያካክስም፤ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ዱቤ አለ። ከድርጅትና ከኢንሹራንስ ጋር ውል የገባ ክሊኒክ ሠራተኞቻቸውንና ደንበኞቻቸውን ዛሬ ያክማል፤ ክፍያው ወራት ሊቆይ ይችላል። ሪኤጀንት አቅራቢው ግን ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። በመዝገብ አትራፊ ሆኖ ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው ክሊኒክ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፤ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደግሞ በዋናነት የሚሠራው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። የቀረው ታካሚ ከኪሱ ይከፍላል።

ስለዚህ ካርዱ ይጨመር እላለሁ፤ በግልጽ፣ ምን ምን እንደሚያካትት መቀበያው ላይ ተጽፎ። የላቦራቶሪው ዋጋ በዚያው ልክ ይቀነስ፣ የምርመራ ፐርሰንትም ይቅር፤ ሐኪሙ በደመወዝ ወይም ባየው ታካሚ ቁጥር ይከፈለው። መጀመሪያ ላይ ታካሚ እንደሚሸሽ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው የአንድ ሰፈር ክሊኒኮች ተመካክረው እያንዳንዳቸው ለታካሚዎቻቸው ምክንያቱን ማስረዳት ያለባቸው። ድርጅቶችና ኢንሹራንሶችም ሂሳቡን በ30 ቀን ይዝጉ። «ምንም ምርመራ አያስፈልግህም፣ ውሃ ጠጣ፣ እረፍ፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ከነገ ወዲያ ና» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም በዚያ ቀን ክሊኒኩን ያከሰረ መስሎ ሊሰማው አይገባም።