ራጅ ስትነሱ ትንፋሽ የምትይዙት ለምንድን ነው?



የዛሬው ቃላችን «ራጅ» ነው። ሐኪም ቤት የሚነሳ የአጥንት ወይም የሳንባ ፎቶ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ጨረሮች» ነው። በአማርኛ ራጅ «እንነሳለን»፤ ልክ ፎቶ እንደምንነሳው።

በስልካችሁ የሚሮጥ ልጅ ስታነሱ ፎቶው ይደበዝዛል አይደል? ራጅም እንደዚያው ነው። እግር ዝም ብሎ ይቀመጥልናል። ደረት ግን አያርፍም፤ ሳንባ ይነፋል፣ ልብ ይመታል። ምስሉ ከደበዘዘ ትንሽ የሳንባ ምች ምልክት ሊደበቅ ይችላል። ያኔ ራጁ ይደገማል፤ ጨረሩም እንደገና ያርፍባችኋል።

ልብን «ቁም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያው ጨረሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይለቃል። አንድ ሰከንድ 20 ቦታ ቢከፈል፣ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ክፍል ያነሰ ነው። ትንፋሽን ግን መያዝ እንችላለን። አየር ስበን ስንይዝ ሳንባ ይሰፋል፤ ባለሙያዎችም ከኋላ በኩል እስከ 10ኛው የጎድን አጥንት ድረስ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ሳንባ በደንብ ካልሞላ ልብ ከመጠኑ በላይ ትልቅ ይመስላል፤ የሳንባው ታችም ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ጤነኛው ሰው በሽተኛ መሰለ ማለት ነው!

ሕፃን ደግሞ «ትንፋሽህን ያዝ» ቢሉት አይሰማም። ባለሙያው ሆዱን እያየ ይጠብቃል፤ ለሚቀጥለው ለቅሶ አየር ሲስብ ቶሎ ያነሳዋል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። አያታችሁን ሐኪም ቤት ወስዳችሁ እያስተረጎማችሁ ነው እንበል። «በደንብ ይተንፍሱ» ካላችኋቸው አየሩን በሙሉ ሊያስወጡት ይችላሉ። «ተነፈሰ» አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው፤ ማስወጣት ብቻም ይሆናል። «ጎማው ተነፈሰ» ሲባል አየሩ ወጣ ማለት አይደል? ስለዚህ እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ አየር በረጅሙ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ይያዙት። አይንቀሳቀሱ።» ሲያልቅ «አሁን ይተንፍሱ» በሏቸው። ለታናሽ እህታችሁ ከሆነ «ሳቢ፣ ያዢው፣ አትንቀሳቀሺ» ነው።

ተራ ስትጠብቁ አንድ ጊዜ አብራችሁ ሞክሩት። ሳል ካለባቸው ወይም ትንፋሽ መያዝ ካቃታቸው ለባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩት፤ መቆም ቢያስቸግራቸው አስቀምጦ ሊያነሳቸው ይችላል።