የቅጠል እግር

ቅጠልን ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ በዕፀዋት ትምህርት «ፔቲዮል» ይባላል። ይባላል እንጂ፣ ምን ማለት ነው ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን መልስ አለን? ሸምድደነዋል፤ ሥዕሉ ላይ ቀስት ስበን ጽፈነዋል፤ አንዲት ፊደል ስተን ማርክ ተቆርጦብናል። ትርጉሙን ግን የነገረንም የለ፣ የጠየቀም የለ።

ትርጉሙ «ትንሽ እግር» ነው። በቃ! ይህን ያህል የተፈራው ቃል ከላቲኑ «ፔስ»፣ ማለትም ከእግር የወጣ ተራ ቃል ነው። እንዲያውም የቃላት ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት መነሻው «ፔኪዮሉስ» ሲሆን፣ የጥንት ገልባጮች አንዷን ፊደል በሌላ ለውጠው ነው «ፔቲዮሉስ» ያደረጉት። እንግዲህ ፍረዱን! በጸሐፊ ስሕተት የተወለደን ቃል «አሳስታችሁ ጻፋችሁት» ተብለን ነው ማርክ የምናጣው።

ታዲያ የሳይንስ ቃል ያደረገው ማነው? ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው «ፊሎሶፊያ ቦታኒካ» ቅጠል የሚሸከመውን ፔቲዮሉስ፣ አበባና ፍሬ የሚሸከመውን ፔዱንኩሉስ ብሎ ለየ። ሁለቱም ከእግር የመጡ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሰውየው ቃል ከሰማይ አላወረደም፤ ላገኛቸው ቃላት ሥራ አከፋፈላቸው እንጂ። የገዛ አገሩ ሰዎችማ ዛሬም በቋንቋቸው «ብላድስካፍት» ነው የሚሉት፤ የቅጠል እጀታ ማለት ነው። ጀርመኖቹም «ብላትሽቲል» ይላሉ፤ እሱም ያው እጀታ ነው። ሳይንሳቸው መቼ ጎደለ?

«አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም» ባዮች ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ገበሬው እኮ ለተክል እግር ከሰጠ ቆይቷል፤ «ሃምሳ እግር ቡና ተከልኩ» ይላል። «እሱማ ሙሉውን ተክል መቁጠሪያ ነው፣ ይምታታል» ትሉን ይሆናል። ይሁን፤ ሊኔየስም የሚመሳሰሉ ቃላት ይዞ አይደል የተነሣው? «የቅጠል እግር»፣ «የአበባ እግር» ብንል ማን ይምታታበታል?

ላቲኑ ይጥፋ አላልንም። የዕፀዋት ስም በላቲን መሆኑ ዓለምን ያግባባል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኡፕሳላ የተባበረበት ሥራ ነው፤ እናከብረዋለን። የሚያንገበግበን ሌላ ነው። እንሰት የምትፍቀው እናት፣ ግንድ የሚመስለው ነገር ግንድ ሳይሆን ተደራርበው የተቃቀፉ የቅጠል ግርጌዎች መሆኑን በእጇ ታውቀዋለች፤ አንድ በአንድ እየገነጠለች ነው ለቆጮ የምትፍቀው። ይህን እኛ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብበን «አገኘን» እንላለን። «ፔቲዮሉ የቱ ጋ ያልቃል?» ብንላት ግራ ገብቷት ታየናለች፤ «የቅጠሉ እግርስ?» ብንላት በጣቷ ታሳየናለች። ደግሞ እሷም በጉራጊኛዋ ወይም በሲዳምኛዋ የምትጠራበት ስም አላት። ደብተራችን ላይ ቀድሞ መስፈር የነበረበት እሱ ነበር።