«ስሜን አትሰርዝብኝ»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ነገሩን ከሰዋስው መጽሐፍ አላመጣሁትም፤ በስልክ መልእክት ውስጥ ትእዛዝን ለይቶ እንዲያውቅ ካቀናበርሁት መሣሪያ ተማርሁት እንጂ። የተማርሁትም በሰው ጕዳት ነው።

በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ በገዳሪፍ ከተማና በአካባቢው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቹ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ለመሻገር ይፈልጉ ነበር። ከነዚህም መካከል ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ የሄዱ የቀን ሠራተኞች፥ በከተማውም ሻይና ምግብ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ እናቶች ይገኙባቸዋል። እኛም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ሆነን የመኪና ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ስም የሚመዘግብ የቴሌግራም ቦት አቆምን። ቦት ማለት መልእክት ተቀብሎ በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በዚህ መንገድ ሲነገር አይታችኋል። ሰው ስሙን ይልካል፤ ቦቱ ተራውን ይነግረዋል፤ ሐሳቡን የለወጠ ደግሞ «ሰርዝ» ብሎ ሲጽፍ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል።

ፕሮግራም የመጻፍ ትምህርት ስለሌለኝ የተጠቀምሁበት መሣሪያ ኤን ኤይት ኤን የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ከተማ በያን ኦበርሃውዘር የተጀመረ ሲሆን፥ ሥራው የሚቀናበረው በሥዕል ነው። ይኸውም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ይደረደሩና በመሥመር ይያያዛሉ፤ አንዱ ሣጥን መልእክቱን ይቀበላል፥ ሁለተኛው ይመረምራል፥ ሦስተኛው በመዝገብ ይጽፋል ወይም ይሰርዛል። የውሃ ቦይ እንደ መቅደድ ያለ ሥራ ነው። ዋናው ግን መካከለኛው መርማሪ ሣጥን ነው፤ መልእክቱን በየትኛው ቦይ እንደሚለቀው የሚወስን እርሱ ነውና።

ለመርማሪው ከሚሰጡት ጥያቄዎች መካከል «መልእክቱ ይህን ቃል ይዟልን?»፥ «በዚህ ቃል ይጀምራልን?»፥ «ከዚህ ቃል ጋር እኩል ነውን?» የሚሉት ይገኛሉ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ሰው ቃሉን በመካከልም ሆነ በመጨረሻ ቢጽፈው እንዲገኝለት በማለት፥ እንደ ቸርነት ቈጥሬ ያደረግሁት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት መሥመር ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ፥ ለብዙ ቀን ዝም ያለ ሰው ስሙ ይሰረዛል የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። መሥመሩ ሲመለስ አንዲት እናት ከገዳሪፍ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጄ፥ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ዝም ያልሁት፤ ስሜን አትሰርዝብኝ።» ቦቱም ወዲያውኑ «ስምዎ ተሰርዟል» ሲል መለሰላቸው።

እርሳቸውም «ምን በደልሁህ?» ብለው ጻፉ። ይህ መልእክት አንድም የትእዛዝ ቃል ስላልያዘ ከቦቱ መልስ አላገኘም። እኔ ያየሁት በማግስቱ ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደ ደረሰ ለማወቅ ፊደሎቹን መቍጠር ይበቃል። «አትሰርዝብኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ሰ፥ ር፥ ዝ ሳይነጣጠሉ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ «ኖት» የሚለውን፥ ዐረብኛም «ላ» የሚለውን የአሉታ ቃል ለብቻው ያቆመዋል፤ አማርኛ ግን «አት» ብሎ በግሡ ራስ ላይ ያጣብቀዋል። በአፍ መፍቻዬ በትግርኛም «ደምስስ» የሚለው በአሉታ «ኣይትደምስስ» ይሆናል፤ ስለዚህ ከማንም በፊት እኔ ላውቀው ይገባኝ ነበር።

ይልቁንም ያስደነገጠኝ ሌላው ወገን ነው። መዝገቡን ወደ ኋላ ሳገላብጥ «ስሜን ይሰርዙልኝ» ብለው በአክብሮት የጻፉ ሰዎች አገኘሁ። የነርሱ ስም አልተሰረዘም፤ «ዝ» ወደ «ዙ» ስለ ተለወጠ መርማሪው የሚፈልገውን ቃል አላገኘም። በላቲን ፊደል ቢሆን ተነባቢው እንዳለ ሆኖ አናባቢው ብቻ ይጨመር ነበር፤ በእኛ ፊደል ግን ድምፁ ሲለወጥ መልኩም ይለወጣል። ሴትን ስናዝዝ «ሰርዢ»፥ ብዙዎችን «ሰርዙ»፥ የተከበረውን ሰው «ይሰርዙ» እንላለን። ከዚህም በላይ ጨዋ ሰው ጨርሶ አያዝም፤ «ቢሰርዙልኝ» ብሎ ይለምናል። እንግዲህ መሣሪያዬ ትሑቱን ሳይሰማ፥ የተማፀኑትን እናት ደግሞ በተቃራኒው ሲሰማ ኖሯል።

ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ። «ሰርዝ» የሚለውን በንጉሡ «ሠ» የሚጽፍ ሰው አይታጣም። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሲገባ ለየራሳቸው ቍጥር ስለ ተሰጣቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። ሽማግሌዎችም በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያኖራሉ፤ ክፍት ቦታ ብቻ የሚፈልግ መርማሪ «ሰርዝ፡ስሜን» የሚለውን አንድ ቃል አድርጎ ይቈጥረዋል።

ቴሌግራም በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ቦቶችን ሲፈቅድ ትእዛዝ በእዝባር (/) እንዲጀምር ደንግጓል፤ መልእክቱ ሲደርስም ትእዛዙ ከየት እንደሚጀምርና ርዝመቱ ስንት እንደ ሆነ ለመሣሪያው ያመለክታል። ነገር ግን በትእዛዝነት የሚያውቀው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ነው። «/ሰርዝ» ቢባል እንደ ተራ ቃል ያልፈዋል፤ ስለዚህ የአማርኛውን ምርመራ በራሳችን ሣጥን ማድረግ ግድ ነው።

ሥዕሉን እንደ ገና ሣልሁት። በመጀመሪያ አንድ የማጥሪያ ሣጥን ጨመርሁ፤ እርሱም «ሠ»ን ወደ «ሰ» ይመልሳል፥ ሁለት ነጥቡንም በክፍት ቦታ ይለውጣል። ከዚያ መርማሪው የመልእክቱን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ወስዶ ከ«/ሰርዝ» ጋር እኩል መሆኑን ይጠይቃል። እኩል ያልሆነውን መልእክት፥ ስለ መሰረዝ የሚናገር ቢመስልም፥ ቦቱ አይወስንበትም፤ ለሰው ያሳልፈዋል። እኩል ቢሆንም «ስምዎ ይሰረዝን?» ብሎ ይጠይቅና «አዎን» ሲባል ብቻ ይፈጽማል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሥራ ያዘገያል አሉኝ። በእርግጥ ያዘገያል፤ እኔ ግን አልለወጥሁትም።

የእናታችንን ስም በእጄ ወደ ቀድሞው ተራ መለስሁት፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጽፌ ይቅርታ ለመንኋቸው። «እኔስ መሣሪያ መሆኑን መች ዐወቅሁ፤ ሰው የጨከነብኝ መስሎኝ ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን በነካሁ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሜ ለመፈተኛ የምልክለት የርሳቸውን ዐረፍተ ነገር ነው።